የከርሰ ምድር ሙቀት ፓምፕ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይህን አንብቡ

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባው፣ የሚያብረቀርቅ ብሮሹር ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው፣ «ከምድር ሆድ የሚወጣ የማያልቅ እሳት» እያለ የሚሰብከው። ውሸት ነው! ይህ ሥራ እሳተ ገሞራ ባለበት ቦታ እንፋሎት አውጥቶ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት ጋር አይገናኝም። ከ10 ሜትር ገደማ በታች የመሬቱ ሙቀት በብርድ ወራትም ሆነ በሙቀት ወራት እምብዛም አይለዋወጥም፤ ለአካባቢው አየር የዓመት አማካይ ሙቀት ይቀርባል። ጉድጓድ ተቆፍሮ በተቀበረው ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ፀረ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ይህን ሙቀት ለቅሞ ያመጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ከፍ አድርጎ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። በሙቀት ወራት ደግሞ አቅጣጫው ተገልብጦ የቤቱ ሙቀት ወደ መሬት ይመለሳል።

ዘዴው እውነተኛ ነው። ሃይንሪክ ዞሊ ስዊዘርላንድ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። በአግባቡ ከተሠራ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ቴክኖሎጂውን አልወቅስም። የምወቅሰው ጉድጓዴን የሰረቁትን የተከላ ድርጅት ሰዎች ነው።

አዎ፣ ጉድጓድ ይሰረቃል። ውሉ ላይ የተጻፈው እያንዳንዳቸው 120 ሜትር የሚወርዱ ሁለት ጉድጓዶች ነበር። የሚለቀመው ሙቀት በቱቦው ርዝመት ልክ ስለሆነ፣ ቱቦው ካጠረ ፓምፑ በዙሪያው ያለውን አፈር እየመጠጠ በየዓመቱ ያቀዘቅዘዋል። ሲያቅተው ደግሞ ውስጡ ያለው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ድምፁን ሳያሰማ ይነሳል። ቤቱ ሞቆ ስለሚያድር ማንም አይጠረጥርም፤ ጉዱ የሚታየው የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ «መሬቱ ገና አልተረጋጋም» አሉኝ። ቀጥሎ «ቤትዎ ሙቀት ያፈሳል» አሉ። በመጨረሻም ስልክ ማንሳት ተዉ።

ሌላ ባለሙያ አመጣሁ። ከመሬት የሚመለሰውን ፈሳሽ ሲለካው ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ አገኘው። ምንም ሳይናገር አካፋ ጠየቀኝ። የጉድጓዱን አፍ ከፍተን አፈሩን ጠረግን፤ ጥቁሩን የፖሊኢቲሊን ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለና «ዝቅ ብለህ አንብብ» አለኝ። ቱቦው ላይ በየሜትሩ ነጭ ቁጥር ታትሞበታል። የወረደውን ጫፍና የተመለሰውን ጫፍ ቁጥር አቀናንሶ ለሁለት ሲያካፍለው 78 ሜትር ወጣ። ሁለተኛው ጉድጓድም ያው ነው። ከ80 ሜትር በላይ ጉድጓድ ሳይቆፈር ገንዘቡን ተቀብለውኛል!

ፎቶውን ይዤ ቢሯቸው ሄድሁ። ውሉን ሲያስፈርመኝ ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝ ኢንጂነር አሁን ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን አየ፤ ለጎረቤት ጠረጴዛ አሳየው፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። «ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ቤንቶናይት የሚሉት መድፈኛ ሸክላ ፈስሶበታል። አሁን ወርዶ የሚለካ ማን አለ?» አለኝ። ከዚያም የውሉን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ «ጥልቀቱ እንደ አፈሩ ሁኔታ ሊስተካከል ይችላል» ይላል። «ታዲያ ክፍያው ለምን አልተስተካከለም?» ስለው፣ ሲሸጥልኝ አንቱ ሲለኝ የከረመው ሰው «ወንድሜ፣ ፈርመሃል እኮ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ያ ፈገግታ እስካሁን ያንገበግበኛል። ገንዘቤን መውሰዳቸው ሳያንስ፣ ሰው ከመሬት በታች ያለውን ማየት እንደማይችል ተማምነው ፊቴ ላይ ሳቁ። ፓምፑ ከነሙሉ ዋስትናው ደህና ነው፤ እሱ ስለሚታይ አልነኩትም። የነኩት የማይታየውን ነው።

የቤታችሁ የሙቀት ፍላጎት ተሰልቶ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አትፈርሙ። ቱቦው ሲወርድ አጠገቡ ቆማችሁ ቁጥሩን ፎቶ አንሡ፤ የቁፋሮው መዝገብ እጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። ለረዳት ማሞቂያው የራሱን ቆጣሪ አስገጥሙለት።

እኔ ያለኝን ማስረጃ ሁሉ ለጠበቃ ሰጥቻለሁ። ተመሳሳይ ውል የፈረማችሁ ካላችሁ የጉድጓዳችሁን አፍ ክፈቱና ቁጥሩን አንብቡ።