የተሰነጠቀ ገንዳ «እንበይዳለን» ለሚሉ ብር ከመስጠታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ሱቁ ሄጄ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሆነኝም። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላም ያላችሁ እባካችሁ አንብቡት።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ደጃፋቸው ላይ ሮቶና ጀሪካን የተደረደረባቸው፣ «የተሰነጠቀ እንበይዳለን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ናቸው። አካሄዳቸውም ያው ነው። ዕቃውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና «ይሄማ ቀላል ነው» ይላሉ። ብሩን ሙሉውን አስቀድመው ይቀበላሉ። «ነገ ይምጡ» ይላሉ። ነገ የተባለው ሦስት ቀን ይሆናል።

የኔ ገንዳ 200 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። የኛን አገር ውርጭ ታውቁታላችሁ። ዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ፕላስቲክ ብርድ ሲጨመርበት እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። ማለዳ ላሟ ረገጠችውና ከታች ጀምሮ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጣበት። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። ለብየዳ 2,500 ብር ሲሉኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። የሱቁ ሠራተኛ ልጅም «እናቴ፣ ምንም አያስቡ። በራሱ ፕላስቲክ ነው የምንበይደው፣ ከአዲሱ ይጠነክራል» አለኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄጄ ተረከብኩ። ስንጥቁ ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፎ፣ ተስተካክሎ፣ ሲያዩት ያምራል። «ውሃ ሙሉበትና ልየው» አልኩ። ልጁ «ዛሬ ውሃ ፈረቃችን አይደለም፣ እናቴ» አለኝ። አመንኩት። ባጃጅ ላይ አስጭኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። 20 ዓመት ላም ያረባሁ ሰው ነኝ። አንድ ጀሪካን ውሃ ከጎረቤት ገዝቼ ብሞክረው ኖሮ እዚያው ይታይ ነበር። ይህንን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ማታ ሞልቼው ተኛሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ባትሪ ይዤ በረት ገባሁ። መጀመሪያ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። በረቱ ጭቃ አልነበረውም። ባትሪውን ወደ ገንዳው ሳዞር ባዶ ነው። ትልቋ ላም አንገቷን አስገብታ ደረቁን ታች ትልሳለች። ጎንበስ አልኩና የተለጠፈውን ጠርዙን በአውራ ጣቴ ጥፍር ነካሁት። ከምጣድ ላይ እንደሚነሳ እንጀራ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ምንም አልተሰበረም፣ አልተቆረሰም። በእጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ስንጥቁ እንደነበረ ነው። እሳት የሚባል አልነካውም። የደረቀ እበት እንኳ ሳይታጠብ በላዩ ላይ ነው ሙጫውን የቀቡት። እበቱ ላይ! እዚያ ቆሜ ያንን ጥቁር ቅርፊት ስንት ደቂቃ እንደያዝኩ አላውቅም።

ሁለቱ ላሞች ጠዋት ጠዋት 15 ሊትር ይሰጡኝ ነበር። ዛሬ 9 ነው ያገኘሁት። ወተት ከመቶ 87ቱ ውሃ ነው። ብዙ የምትታለብ ላም በቀን 80 ሊትርና ከዚያም በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ሌሊቱን ውሃ ያጣች ላም ከየት ታምጣው? ወተት የማደርስላት አራስ ደንበኛዬን ግማሽ ሊትር ይዤ በሯ ላይ ቆሜ አፈርኩ።

ቅርፊቱን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ በረጅም ጎማ ቱቦ የባለቤቱን መኪና ያጥባል። ትናንት «ውሃ ፈረቃችን አይደለም» ባለኝ በዚያው ግቢ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሴትዮ፣ የሰበረችው ላምሽ ናት፣ እኛ ነን?» አለኝ። ብር ስሰጥ «እናቴ» እና «እርስዎ» ነበርኩ። «ደረሰኝ አለሽ?» ሲል ጨመረ። ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልጁ አንዴ አየኝና ወደ ማጠቡ ተመለሰ። የናቁኝ ነገር ከብሩ በላይ ነው ያንገበገበኝ።

የእህቴ ልጅ የውሃ መስመር ዝርጋታ ላይ ይሠራል። ስደውልለት ገና ሳልጨርስ «አክስቴ፣ ያ ፕላስቲክ እኮ ሙጫ አይዝም» አለኝ። መሬት ውስጥ የሚቀበረው ጥቁር የውሃ ቱቦ ከተመሳሳይ ፕላስቲክ ነው፤ እነሱም የሚያያይዙት በሙቀት አቅልጠው እንጂ በሙጫ አይደለም። ፊቱ እንደ ሰም ስለሆነ ሙጫው የሚቆነጥጠው ነገር የለውም። በትክክል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ይፍቀዋል። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያ ሁለቱን ጠርዝና የዚያኑ ዓይነት ፕላስቲክ አብሮ ያቀልጣል። ሌላ ዓይነት ከሆነ አይዋሃድም። የኔ ገንዳ ላይ ቀዳዳ የለም። ያኔ ባውቅ ኖሮ ይህን ብቻ ጠይቄ እመለስ ነበር።

እናንተ ግን ሲበየድ እዚያው ቆማችሁ እዩ። ውሃ ሳይሞላበትና ሳይቆይ አትረከቡ። ሙሉ ብር አስቀድማችሁ አትስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

የእህቴ ልጅ እሁድ ዕቃውን ይዞ እመጣለሁ ብሎኛል። እስከዚያ ከጉድጓድ እየቀዳሁ በባልዲ ነው የማጠጣው።