የጋሪ ፈረስ ዕቃ ከቀፊራ፦ የትኛው ይሻላል?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አካባቢ በትእዛዝ ከሚሰፉት የጋሪ ዕቃዎች ደንበኛ የሚያማርጠው ሙሉ ቆዳውን፣ ሙሉ ናይለኑን፣ ወይም ደረቱ ቆዳ ሆኖ ሌላው ናይለን የሆነውን ቅልቅል ነው። አሁን አሁን ደግሞ የውጭውን የፈረስ ጋሪ እሽቅድምድም በስልክ ያየ ወጣት ባለጋሪ «እንደ ውድድሩ አድርገህ ስፋልኝ» እያለ ያዛል፤ ሰፊውም ደንበኛ አይመልስም። እኛ የምንመክረው ቅልቅሉን ነው። «የውድድሩን» እንዳለ ገልብጦ ጭነት ለሚጎትት ፈረስ ማልበስ ግን ፈረሱንም ጋሪውንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ጭነቱን የሚስበው የደረት ጠፍሩ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ። ለጭነት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል፤ ዝም ካላችሁ የሚሰፋላችሁ 5 ወይም 6 ነው። ጠባብ ጠፍር ያንኑ ክብደት ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው ቶሎ ፀጉሩን ይልጣል፣ ከዚያ ቆዳውን፣ በመጨረሻ ገጣባ ነው። አቀማመጡ ከጉሮሮ ዝቅ፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ከፍ ይበል። ሽቅብ ከወጣ ትንፋሹን ያፍነዋል፤ ከወረደ እግሩን እንዳይዘረጋ ይይዘዋል። ጠፍሩና ደረቱ መሃል መዳፋችሁ ጠፍጠፍ ብሎ መግባት አለበት።

ስፌቱ የሚመሰገን ነው። ሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ እያለፉ በሰም በታሸ የናይለን ክር ይሰፋል፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። የመኪና ስፌት ግን አንድ ቦታ ከለቀቀ ይተረተራል። የሚያስቆጨው ቀለበቱ ነው። ወፍራም ሽቦ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ሳይበየድ ይገጠማል። ጭነት ሲበረታበት አፉን ይከፍትና የአንዱ ጎን መጎተቻ ይወልቃል፤ ጋሪው ወደ ጎን ሲዞር ፈረሱ ይበረግጋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀለበት በጣት ዳስሱ፤ የብየዳ እብጠት የሌለውን አስቀይሩ። ዘለበትም አጥንት ላይ እንዳያርፍ አስተውሉ።

ኮርቻው ሲገለበጥ ግራና ቀኝ ሁለት ትራስ፣ መሃሉ ላይ ባዶ መተላለፊያ ሊኖረው ይገባል፤ የጀርባ አጥንቱን ምንም መንካት የለበትም። ሱቁ ትራሱን ጭድ ይሞላዋል። ጭድ ሲላብ ይጠቀጠቅና መተላለፊያው ይደፈናል፣ ስለዚህ አንዱ ጎኑ ሳይሰፋ በማሰሪያ እንዲዘጋ እዘዙ፤ ሲጠቀጠቅ ከፍታችሁ ትበትናላችሁ ወይም ትቀይራላችሁ። ገጣባን ሁሉ ግን በኮርቻው አታመካኙ። ጭነቱ ወደፊት ካደላ ዘንጎቹ ጀርባውን ይጫኑታል፣ ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ የሆድ ጠፍሩ ሽቅብ ይስበዋል። ጭናችሁ ስትጨርሱ የዘንጎቹን ጫፍ በእጃችሁ አንሡ፤ ቀለል ብለው መነሣት አለባቸው።

ናይለን ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ የድሬ ሙቀት አያደርቀውም። ጠርዙ ግን ስለት ነው፤ ላብና አቧራ ሲጨመርበት ይፈገፍጋል። ገላውን በሚነካበት ሁሉ ጠርዙ ታጥፎ የበግ አጎዛ ወይም ወፍራም ጨርቅ ካልተሰፋበት አትውሰዱት። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቀዶ የሚሰራውን ጨርሶ ተዉት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ጊዜ ጠብቆ ብቅ ይላል። ቆዳ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቀዳዳው አካባቢ ይሰነጠቃል። ላቡን በውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ በውስጥ በኩል ሞራ መቀባት ነው መፍትሔው። ፀሐይ ላይ ያደረቀ እንደገና ለመግዛት ይዘጋጅ።

ወደ «ውድድሩ» እንምጣ። በአሜሪካም በፈረንሳይም ፈረሱ የሚሮጠው በሶምሶማ ነው፤ አሜሪካ ላይ ሰጋሮችም አሉ፣ የአንድ ጎን ሁለት እግራቸውን አብረው የሚያነሡ። ጋልቦ የተገኘ ወደ ሶምሶማው ወይም ወደ ስግሩ እስኪመለስ መገታት አለበት። የሚጎትተው ሱልኪ የተባለ ቀላል ባለሁለት ጎማና አንድ ነጂ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከታፋው በኋላ የሚዞረው ጠፍር አያስፈልገውም። አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ደቻቱ ለሚወርድ ጋሪ ግን ፍሬኑ ያ ጠፍር ነው። እሱ ከሌለ ጋሪው ተንሸራትቶ የፈረሱን እግር ይመታል። ሐረር ከሆነማ ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ጭራሽ አይታሰብም። ጠፍሩ ከመቀመጫው አጥንት ጫፍ አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ይበል፤ ፈረሱ በሚስብበት ጊዜም መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።

ጭንቅላትን ቀና አድርጎ የሚይዘውን ማሰሪያም አትገልብጡ። ተወዳዳሪ ፈረስ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ስልቱን እንዲጠብቅበት ይጠቅማል፤ ጭነት የሚጎትት ፈረስ ግን ዳገት ላይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ካልገፋ ጉልበቱ አይወጣም። የሰጋሮቹ የእግር ማሰሪያም ስግሩን ለመጠበቅ እንጂ ለፍጥነት አይደለም።

መቅዳት የሚገባው የዛቡ የእጅ መያዣ ነው። ላብ ያራሰው እጅ እንዳያንሸራትት ዛቡ ላይ ቀለበት መሰል መያዣ ይሰፋል፤ ሱቁ ጥሩ አድርጎ ይሰራዋል። ካናዳዊው ጆን ካምቤል እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ሃምብልቶኒያን የተባለውን ትልቅ የሶምሶማ ውድድር 6 ጊዜ ያሸነፈው በሌላ በምንም ሳይሆን ዛብ አያያዝ በማወቁ ነው ብንል ብዙ አልተጋነነም። ዛብ እየጎተተ የፈረሱን አፍ የሚያደማ ባለጋሪ ይህን ልብ ይበል። ልጓሙ የአፉን ጥግ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ካሸበሸበ ልኩ ነው።

ፍጥነት ለሚሻ ግን ከዕቃው በፊት ጎማና ኩሽኔታ ይቅደም። ናንሲ ሃንክስ የተባለችው ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1892 ማይሉን በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ የጨረሰችው በአየር የሚነፋ ጎማ በገጠመ ሱልኪ ነው። ድሬ ላይ ግራሶ ያላየ ኩሽኔታ እያለ አዲስ ጠፍር ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ስታዙ ፈረሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በግምት የተለካ ደረት አይሆንም። ተጨማሪ ቀዳዳ በሚስማር አታስበሱ፤ ከቀዳዳው ጠርዝ ስንጥቅ ይነሣል። ሱቁ ክብ መብሻ አለው፣ በእሱ እንዲበሳ ጠይቁ።