ቃል ማስነበብ ወይስ ወግ መቅረጽ? የጎጃምን አማርኛ ድምፆች ለሚያጠና

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለመመረቂያ ጽሑፉ ድምፅ የሚሰበስብ ተማሪ ቶሎ የሚገጥመው ምርጫ ይህ ነው።

ወጪ፦ የቃል ዝርዝር ማስነበብ ርካሽ ነው፤ በግማሽ ቀን አምስት ሰው መቅረጽ ይቻላል። ወግ ቡናም ጊዜም ይፈልጋል፤ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ደግሞ ከቀረጻው ብዙ እጥፍ ሰዓት ይበላል።

ቁጥጥር፦ እዚህ ንባብ ያሸንፋል፣ ግን ወጥመድ አለው። ፊደላችን ጥብቀትን፣ ማለትም ተነባቢው ጠብቆ ረዘም ብሎ መነገሩን፣ አያሳይም። «ገና» ብለህ ብቻህን ከጻፍከው አንባቢው በዓሉን አስቦ ያጠብቀው ወይም «እስካሁን» በሚለው ትርጉም ያላላው እንደሆነ በእጁ ነው። ስለዚህ በዓረፍተ ነገር አስገባው፦ «የገና በዓል ደረሰ»፣ «ልጁ ገና አልመጣም»። ከዚያ የተነባቢውን ርዝመት ፕራት በተባለው የድምፅ መተንተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሊሰከንድ መለካት ነው፤ ፕሮግራሙ ነፃ ነው። በወግ ግን የምትጠብቀው ቃል ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

ተፈጥሯዊነት፦ ወረቀት የያዘ ሰው ዜና አንባቢ ይሆናል። ወግ ይሻላል፣ ክርክር የለውም።

አደጋ፦ በሐምሌ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱም ከንቱ።

ጥያቄህ እንደ ጥብቀት ወይም እንደ «ጠ» እና «ተ» ልዩነት ጠባብ ከሆነ አስነብብ። የአነጋገር ዜማን ወይም የአካባቢውን ዘዬ ከፈለግህ፣ ወይም ተናጋሪዎችህ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ከሆኑ፣ «እማማ፣ የድሮ ሠርግ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል።