ድሬ ላይ የጭነት መኪና ሥራ ለምትጀምሩ፦ ይቺን ወረቀት እንዳትፈርሙ

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ የጭነት መንጃ ፈቃድ ላወጡ ልጆች አንድ ዓይነት ውል እየታደለ ነው። ሐረርም ደርሷል ብለውኛል። እኔ ያየሁት የእህቴ ልጅ ሳይፈርመው ይዞት ስለመጣ ነው። አንብቤ ስጨርስ "ልጄ፣ ይሄ እኮ የዕዳ ወረቀት ነው" አልኩት። እሱ ተርፏል። ጓደኞቹ ግን ፈርመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንጃ ፈቃድ አለህ፤ ልምድ የለህም። ደህና ባለመኪና ሁሉ ልምድ ይጠይቅሃል። አይፈረድበትም፤ ያን የሚያህል ንብረት ለጀማሪ መስጠት ያስፈራል። ድሮ መግቢያው ረዳትነት ነበር፤ ለእኔ አሁንም የሚሻለው እሱ ነው። ግን መንጃ ፈቃድ ኪሱ ውስጥ ይዞ ሸራ መጎተትና ጎማ መፍታት የሚከብደው ወጣት ብዙ ነው። ደላላው ይሄን ያውቃል። "አቦ ተወው፣ ልምድ ምን ያደርግልሃል! ነገ መኪና ላይ አወጣሃለሁ። ጅቡቲ መስመር፣ ደመወዝ ከነአበሉ" ይልሃል። ወረቀቱን የሚያመጣው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በርጫ ላይ። ምርቃና ላይ የማያምር ውል የለም።

ደላላው ሥራ ስላገኘልህ የሚጠይቅህን ብር ቶሎ ልለፈው። ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ላይ ክፍያ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። የሰፈር ደላላ ኤጀንሲም አይደለም፣ ደረሰኝም የለው። የግድ ከሆነ ከመጀመሪያው ደመወዝ በኋላ እንከፍላለን በለው። ከጠፋ፣ ሥራውም አልነበረም ማለት ነው።

ዋናው ተንኮል ማስያዣው ላይ ነው። "ለመኪናው ጥንቃቄ" ተብሎ ለባለመኪናው ብር ታስይዛለህ፤ ስትለቅ ይመለስልሃል ይባላል። ጥቂት ቢያጆ (የጭነት ጉዞ) ትሠራለህ። ከዚያ ጉድለት ይገኝብሃል። ከረጢት ጎደለ፣ ጎማ ፈነዳ፣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ጠፋ፣ አንዱ አይጠፋም። ትባረራለህ፤ ማስያዣህ ለጉድለቱ ተያዘ ይባላል። በሳምንቱ ሌላ ልጅ ሌላ ማስያዣ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ባለመኪና ከጭነቱ ይልቅ ከሾፌሩ የሚያተርፍ ይመስለኛል። ስለዚህ ከደመወዙ በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከአንተ በፊት ማን ይነዳ ነበር? ስልኩን ተቀበልና ደውልለት። ባለመኪናው ስልኩን ለመስጠት ካንገራገረ ተነስተህ ሂድ።

አሁን ወደ ፊርማው። እኔ ባየሁት ውል ላይ "ለሚደርሰው ማንኛውም ጉድለትና ብልሽት ሾፌሩ ኃላፊ ሲሆን፣ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ዝም ብላ አልገባችም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደመወዝህ በዘፈቀደ መቁረጥ አይችልም። የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድለት፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም አንተ ራስህ በጽሑፍ ስትስማማ ነው። በጽሑፍ ስትስማማ! ፊርማህን የሚያጣድፉት ለዚህ ነው። ግን ብትፈርምም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝህ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሙሉ ደመወዙ ለጉድለት ተይዞበት ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። የፈረመውን እንጂ ይሄን ገደብ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ "መኪናውን ያለ ምንም ጉድለት ተረክቤያለሁ" ይላል። መኪናውን ገና አላየኸውም እኮ! ርክክብ በወረቀት ብቻ አይሆንም፤ መሬት ላይ ተንበርክከህ ነው። ክሪኩ፣ ስኮርታው፣ ሸራው፣ ገመዱ፣ ባትሪው አንድ በአንድ ይመዝገብ። የየጎማውን ሁኔታ ጻፍ፤ በስልክህም ፎቶ አንሳ። የጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2316 ካለ በፈረንጆቹ 2016፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይሄን ያህል ያረጀ ጎማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በደወሌ መንገድ ሙቀት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ቢፈነዳ ጥፋቱ የአንተ አይደለም። በወረቀቱ መሠረት ግን የአንተ ነው።

ፍሬኑንስ? ለገሃሬ አካባቢ ሜዳ ላይ አንድ ዙር ነድተህ "ይይዛል" አትበል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሐረማያ 2000 ሜትር ገደማ ናት። ያን ሁሉ ከፍታ የምትወርደው በደንገጎ ጠመዝማዛ ነው፣ ያውም ተጭነህ። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱት ጀማሪዎች ናቸው። ፍሬኑ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ብትረግጥም ባዶ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሰህ በማርሽ ነው የምትይዘው። ይሄን ለልምድ ለሌለው ልጅ ሳያስረዳ፣ ፍሬኑ ያለቀ መኪና ሰጥቶ "ብልሽቱ በአንተ ነው" ብሎ የሚያስፈርም ሰው ምን እንደምለው አላውቅም። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ሌላ ሜካኒክ አምጣ፤ የባለመኪናውን ሰው አይደለም፣ የራስህን። ዓመታዊ ምርመራው መታደሱን፣ ቦሎው የዘንድሮ መሆኑንም እይ።

ኢንሹራንሱንም ጠይቅ። "ኢንሹራንስ አለው" ሲሉህ የትኛው በል። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የሚሸፍነው መኪናው ሌላ ሰው ላይና የሌላ ሰው ንብረት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። መኪናውን ራሱንና የጫንከውን ዕቃ አይነካም። ሙሉ ኢንሹራንስ የሌለው ባለመኪና "ለብልሽት ሾፌሩ ኃላፊ ነው" ሲልህ ኢንሹራንሱ አንተ ነህ ማለቱ ነው።

የጭነት ጉድለት የሚመጣው ደግሞ ስትጫን ባለመቁጠር ነው። ሲሚንቶም ሆነ ማዳበሪያ ወይም ስኳር ሲጫን ጥላ ፈልገህ አትተኛ። ድሬ ሙቀቷ እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ግን ቁም። የተቀደደ ከረጢት ካለ ዌይቢሉ (የጭነት ወረቀቱ) ላይ ሳይጻፍ እንዳትፈርም። ኮንቴይነር ከሆነ ውስጡን አላየህምና ወረቀቱ ላይ "ታሽጎ የተረከብኩት" ብለህ የማሸጊያውን ቁጥር ጻፍ፤ ስታስረክብም ቁጥሩ ያው መሆኑን አሳይ። ከመንገድ ላይ "ትንሽ ካርቶን ነች፣ ጉርሻ አለው" የሚልህን ግን ባለመኪናው ራሱ ቢሆንም እንዳትሰማው። ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ከተያዘ መሪው ላይ የተገኘኸው አንተ ነህ፤ ባለ ካርቶኑ ስልኩን ዘግቷል።

ተያዥ ይጠይቁሃል፤ ያለ ነው። ችግሩ ተያዥህን ገንዘቡ ያልተጻፈበት ባዶ ወረቀት ላይ ሲያስፈርሙ ነው። አጎትህ ወይም እናትህ ናቸው የሚፈርሙት፤ ከኋላቸው ደግሞ የቤት ካርታ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት አይጸናም ይላል። ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። "በኋላ እንሞላዋለን" የሚሉትን ባዶ ቦታ አትመናቸው፤ በኋላ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ዋናውን መንጃ ፈቃድህንም "እኛ ጋ ይቀመጥ" ቢሉህ እምቢ በል። ያለ እሱ መንዳትም ሌላ ሥራ መፈለግም አትችልም።

"የሙከራ ጊዜ ስለሆነ ደመወዝ የለም፣ አበል ብቻ ነው" የሚባለውም ውሸት ነው። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደሌላው ሠራተኛ ነው፤ የሠራበት ይከፈለዋል።

አስቀድመህ ፈርመህ ከሆነስ? የውሉን ፎቶ በእጅህ አድርግ፤ ኮፒ አልሰጥም ካሉህ ይሄንኑ በቴክስት ጠይቃቸው፣ መልሳቸው ይቀመጥልሃል። ምንም የጽሑፍ ውል ከሌለህ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባል፤ ባይሰጥህም መብትህ አይጠፋም። የጫንክበትን ዌይቢል ሁሉ ፎቶ አንሳ፣ ለዚያ ሰው መሥራትህን የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ የከተማውን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አናግር፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። ሠራተኛ ለእንዲህ ያለ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ግን "ዛሬ ነገ" ሲሉህ አትጠብቃቸው። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቂያው ጊዜ ክፍያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው፤ ቀጠሮ የሚያበዙብህም ያቺን ስድስት ወር ለማሳለፍ ነው።