ቴክ (take) ማለት ወሰደ ብቻ አይደለም፦ የኦክስፎርዱን መዝገበ ቃላት እንዴት አገኘሁት

ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ፈረንጅ ሻንጣውን አስቀምጦ ይጠብቀኛል፤ እኔ ያስያዘውን ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ሰውየው «ቴክ ዩር ታይም» አለኝ። ያኔ ለእኔ ቴክ ማለት ወሰደ ነው፣ በቃ። «ጊዜ ወሰድሽብኝ» ያለኝ መስሎኝ ይቅርታ እየጠየቅኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለካ «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ» ማለቱ ነበር። ማታ ስልኬ ላይ ያለውን መተርጎሚያ ብጠይቀው «ጊዜህን ውሰድ» ብሎኝ አረፈው።

ከዚያ በኋላ ነው ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪን የገዛሁት፤ ያገለገለ፣ ጠርዙ የተላላጠ። ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ከመነሻውም የተሠራው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ነው፦ ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጀው፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ታተመ፣ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አወጣው።

እስቲ ቴክን ግለጡ። ብዙ ነው፣ ግን አያስፈራም፤ ከየፍቺው ፊት አጭር መጠሪያ አለ፣ ከሥሩ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። እኔ እያነበብኩ ዳር ዳሩን በእርሳስ አማርኛውን እጽፍበታለሁ። ፎቶ ሲሆን አነሳ። አውቶቡስ ሲሆን ያዘ፣ ኪኒን ሲሆን ዋጠ፣ ወንበር ሲሆን ተቀመጠ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፈጀ። አውሮፕላን ቴክ ኦፍ ሲያደርግ ተነሳ፤ ኮት ከሆነ ግን አወለቀ። ልጅ አባቱን ቴክ አፍተር ካደረገ በአባቱ ወጣ ማለት ነው። እነሱ በአንድ ቃል የሚሉትን እኛ ለየነገሩ የራሱ ግሥ አለን፣ ያውም ልክክ የሚል።

ይህን ስጽፍ ታዲያ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኛው አማርኛውን ወደ ቴክ እየጎተትነው ነው። ታጠብኩ እያለ «ሻወር ወሰድኩ» እንላለን። ይፈጃል የሚል ያማረ ቃል እያለን «ብዙ ጊዜ ይወስዳል» እንላለን። እኔም እላለሁ፤ አሁን ግን አፌ ላይ ሲመጣ እመልሰዋለሁ።

የሚያስቸግረውን ልንገራችሁ። «ቴክ ዩር ታይም»ን ቴክ ሥር ብትፈልጉ አታገኙትም። ቴክ ያለባቸውን ፈሊጦች አብዛኞቹን የሚያስቀምጠው አብሯቸው ባለው ስም ወይም ቅጽል ሥር ነው፤ ይሄኛውን ታይም ላይ ፈልጉት። ይህን ሳላውቅ ስንቴ አገላብጬ ትቼዋለሁ። አማርኛም የለውም፣ ገና ለጀመረ ሰው ይከብዳል። አነባበቡን መስማት ከፈለጋችሁ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አለ፣ የእንግሊዙም የአሜሪካውም ለየብቻ።

መጽሐፉ አሁን መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ነው የሚቀመጠው። ባለፈው አዲስ የገባችው ልጅ ያችኑ ቃል ሰምታ ስትደነግጥ፣ ታይም ላይ ገልጬ ሰጠኋት።