የወፍጯችንን ዲናሞ ያዳነልን ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላላችሁ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ነው። ሌላውም ያንብበው፤ አንድ ሰው ከኪሳራ ቢድን ደስ ይለኛል።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ወፍጮውን የያዝነው እናቴና እኔ ነን። ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር፣ ዲናሞው፣ ሁለት ጊዜ ተቃጠለብን፣ ሁለቴም ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠመጠምነው። የሠሩትን ሰዎች ስም አልጠራም፤ ግን ያደረጉን አይረሳኝም። የመጀመሪያው በእጁ ዳሰስ አድርጎ «ሙቀቱ የጤና ነው» አለን። በሦስተኛው ሳምንት ጨሰ። ሁለተኛው ደግሞ ኦቨርሎዱ (ዲናሞው ከልኩ በላይ ሲስብ መብራቱን የሚቆርጠው መከላከያ) እየቆረጠ ሲያስቸግረን ቁጥሩን ከፍ አደረገውና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። መቁረጡ ቆመ፣ ዲናሞው ግን ተቃጠለ። ስንጠራው ጥፋቱን በእኛ ላይ አላከከ። ጥር ነበር፣ የሰርግ ወር። ደንበኞቻችን እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ሲሄዱ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያ የመቃጠል ሽታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው ይህን ልጅ ያገኘነው። እንደሌሎቹ «ይፈታና ይጠምጠም» አላለም። በማግስቱ ጠዋት ዲናሞው ሳይነሳ መጥቶ ሽቦውን ለካና ጻፈ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገብስና ስንዴ አስፈጨን። አጠፋና ወዲያው ደግሞ ለካ። ልኬቱ ከጠዋቱ በ60 በመቶ ጨምሯል። ወረቀት ላይ አሰላና «ውስጡ 160 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ የሚችለው 155 ነው» አለን። አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ!

ስሌቱ አልገባኝም። ለእናቴ ያስረዳበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ አለ። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ «እማማ፣ ሽቦው ሲሞቅ መብራቱን እንደ ልብ አላሳልፍም ይላል። ምን ያህል እንዳስቸገረ ከለካን፣ ምን ያህል እንደሞቀ ይነግረናል» አላት። እሷም «ታዲያ በዚህ ብርድ አገር እንዴት ይሞቃል?» አለችው። አልሳቀባትም። ብርዱ እንደሚረዳ፣ ግን እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ እንደማይወስድ፣ ዲናሞው ላይ የተጻፈው አቅም በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ድረስ እንደሆነ በትዕግሥት ነገራት። እኛ ያለነው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ ለእናቴ የሰጣት ባለሙያ አላየሁም።

ችግሩ ብዙ ነበር። ማራገቢያው በዱቄት ታፍኗል። ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ ደካማ ነው። ኦቨርሎዱ ያለ ልኩ ተሰቅሏል። እኛም ለእያንዳንዱ ደንበኛ እያጠፋን እናስነሳ ነበር። ለካ ዲናሞ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ መብራት ይስባል! አሁን ሰው ሰብሰብ ሲል ነው የምናስነሳው።

ሁሉንም አስተካክሎ እንደገና ሲለካ 95 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። «ከልክ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ማራገቢያውን በየሳምንቱ አጽዱ» አለን። ጥምጠማ አያስፈልገውም ብሎ የጥምጠማ ዋጋም አልጠየቀን። የድካሙን ብቻ ነው የተቀበለው። ይኸው ሰባት ወር ሆነን፣ ሽታው አልተመለሰም።

ወገኖቼ፣ ዲናሞ ካስቸገራችሁ እሱን ጥሩት። ከማስጠምጠማችሁ በፊት ጥሩት! ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ። ስትጠሩት ደግሞ ዲናሞውን በዋዜማው አጥፍታችሁ አሳድሩት፤ የቀዝቃዛውን ልኬት ይፈልገዋል።