የታይፕ ዋን ስኳር ቅድመ ምርመራ በትሪያልኔት፣ ለታናናሾቹ አሰርቼ
ትልቁ ልጄ ታይፕ ዋን ስኳር ስላለበት ለታናናሾቹ ትሪያልኔት የሚባለው የጥናት ቡድን ለታማሚ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የደም ምርመራ አሰራሁላቸው፣ አሜሪካ ላላችሁ ሐበሾች ነው የምጽፈው። ነፃ ነው፣ የመመርመሪያው ኪት በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል፣ ጣት ወግታችሁ ደሙን መላክ ነው። ብቻ የሚፈልገው ደም ለግሉኮሜትር (ለስኳር መለኪያዋ) እንደምናንጠባጥባት አይደለም በዛ ይላል፣ ጣቱን የማያስነካ ልጅ ካላችሁ ላብራቶሪ ወስዶ ከክንድ ማስቀዳት ይሻላል። የሚያዩት ስኳሩን ሳይሆን አንቲቦዲ ነው፣ ማለትም ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመርተውን ቆሽት ማጥቃት ጀምሯል ወይ የሚለውን። ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ከተገኘ በሽታው ዘግይቶም ቢሆን አይቀርም ማለት ይቻላል። ወንድም እህት ወይ ወላጅ ያለበት ልጅ ከሌላው 15 እጥፍ አካባቢ ይጋለጣል፣ ግን ከሚያዙት አብዛኞቹ ቤተሰባቸው ውስጥ ማንም የለበትም እኮ! ከረሜላ አብዝተሽለት ነው የምትሉኝ አክስቶቼ ይሄን አንብቡልኝ፣ ጣፋጭ አይደለም ያመጣው። አስቀድሞ ማወቅ ምን ይሰራል ለምትሉ ደግሞ፣ ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት በፈረንጆች 2022 ተፈቅዷል፣ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ደረጃ ሁለት የደረሱትን (አንቲቦዲው ተገኝቶ ስኳራቸው መዛባት የጀመረ፣ ግን ገና ምልክት ያላሳዩትን) ኢንሱሊን የሚያስፈልግበትን ጊዜ ሁለት ዓመት አካባቢ ያዘገይላቸዋል። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ እሱ ነው ልብ የሚያደርቀው።